አረንጓዴው ደብተር

ይህን ታሪክ ለብዙ ሰው በአፌ አውርቼዋለሁ፤ በጽሑፍ ሳሰፍረው ግን የመጀመሪያዬ ነው። በአፍ ሲሆን ሰው "ውይ በስመአብ!" እያለ ያቋርጣል፣ እኔም በዚያ መሃል ትንፋሼን እሰበስባለሁ። አሁን የሚያቋርጠኝ የለም። ስለዚህ እንደነበረ፣ ከነፍርሃቱ ልንገራችሁ።

ጊዜው በፈረንጆቹ የ2010ዎቹ ማብቂያ ነው። እኔ፣ ባለቤቴ ብርሃኑና ሁለት ዓመት ተኩል የሆነው ልጃችን ናሆም ሲያትል ውስጥ ሴንትራል ዲስትሪክት፣ ቼሪ መንገድ አጠገብ ባለች ጠባብ ቤት እንኖር ነበር። ብርሃኑ ሬድመንድ ውስጥ በኮምፒውተር ጥገና ይሠራል፤ ቅዳሜም አይቀርለትም። እኔ ደግሞ አረጋውያንን ቤታቸው ድረስ እየሄድኩ እንከባከብ ነበር። ልጁን እንዲይዙልን የብርሃኑን እናት፣ እማማ ወለቴን፣ ከወልቂጤ ካስመጣን ጥቂት ወራት ሆኖናል።

እውነቱን ለመናገር ከእማማ ወለቴ ጋር አልተግባባንም ነበር። አልተጣላንም፤ ግን እሳቸው ልጇን ጥላ የሰው እናት የምታጥብ ምራት አድርገው ያዩኝ ነበር። እኔም አስተያየታቸውን ስለምፈራ ከሥራ ስገባ "እንዴት ዋሉ እማማ?" ብዬ በቀጥታ ወደ ማድ ቤት ነበር የምገባው። እንግሊዝኛ አያውቁም፣ ሰፈሩን አያውቁም፣ ከቤተ ክርስቲያን በቀር የትም አይሄዱም። ቀኑን ሙሉ ከናሆም ጋር ብቻቸውን ናቸው።

የምንከባከባቸው አሮጊት ሚስ ሩት ይባላሉ። ዓይናቸው ደክሞ ስለነበር ሁልጊዜ ከሰዓት በኋላ የሚያስነብቡኝ አንድ ደብተር ነበራቸው። የቅድመ አያታቸው፣ የሃሪየት ደብተር ነው። የውሎ ማስታወሻ እንዳይመስላችሁ፤ ሃሪየት ስለ ራሷ ምንም አልጻፈችበትም። ያነበበችውንና የሰማችውን፣ ልቧ የወደደውን ሁሉ ነው የገለበጠችበት። ግጥም አለ፣ ጸሎት አለ፣ የሳሙና አሠራር፣ ቀለም ከልብስ የሚለቅበት ዘዴ፣ ጎረቤቷ ስለ ንቦች ያጫወተቻት ነገር አለ። በየመሃሉ ከወረቀት ቆርጣ የለጠፈቻቸው ባለ ቀለም ወፎችና አበቦች አሉ። በዚያ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን ብዙ ሴቶች እንዲህ ያለ ደብተር ይይዙ እንደነበር ሚስ ሩት ነግረውኛል።

ሽፋኑ አረንጓዴ ጨርቅ ነው። ግን እንዴት ያለ አረንጓዴ! ያን ያህል ዘመን የኖረ ዕቃ አይመስልም፤ ትናንት የተነከረ ነው የሚመስለው። ሚስ ሩት ወደ አረጋውያን ማቆያ ሲገቡ ደብተሩን እጄ ላይ አስቀመጡና "ልጆቼ ይጥሉታል። አንቺ ግን ታነቢዋለሽ" አሉኝ። አለቀስኩ። ወስጄም ሳሎናችን ዝቅ ያለው መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት።

ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ናሆም ይታመም ጀመር። ሆዴን ይላል፣ ያስመልሰዋል፣ ደግሞ ይሻለዋል። ክሊኒክ ወሰድኩት፤ ቫይረስ ነው፣ ፈሳሽ ስጪው ተባልኩ። እማማ ወለቴ "ዓይን ነው" አሉና ጸበል አስመጡለት። እንዲህ እያልን ሰነበትን።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሻወር ወስጄ እየተጣደፍኩ ወጣሁ። የደብተሩ ጀርባ ስለላላ ላስጠግነው ነበር። ሽፋኑን እንኳ ሳላየው በፌስታል ጠቅልዬ ይዤው ሄድኩ። ናሆም ሶፋው ላይ ተኝቷል። እማማ ወለቴ ቀና ብለው አላዩኝም።

መጽሐፍ ጠራዡ ኖርዝጌት አካባቢ ትንሽ ሱቅ ያለው፣ ፖል የሚባል ሽማግሌ ነው። ፌስታሉን ከፍቶ "ኦ! እንዴት ያምራል!" አለ፤ ፊቱ ፈካ። የጠረጴዛውን መብራት አብርቶ አስጠጋው። ከዚያ ፈገግታው ጠፋ። እጁን ከደብተሩ ላይ ቀስ ብሎ አነሳ፣ ሄዶ ታጠበ፣ ጓንት አድርጎ ተመለሰ።

"የት ነው የምታስቀምጪው?" አለኝ።

"ሳሎን፣ መደርደሪያ ላይ።"

"ቤት ውስጥ ልጅ አለ?"

"አዎ። ምነው?"

"ይህን አረንጓዴ አውቀዋለሁ" አለ። "በዚያ ዘመን ይህን ቀለም የሚሠሩት በአርሴኒክ ነበር። በላብራቶሪ ሳይታይ እርግጠኛ መሆን አይቻልም። ግን አርሴኒክ ከሆነ መርዝ ነው፤ ጨርቁ ሲያረጅ ይረግፋል፣ እጅ ላይ ይቀራል።"

ከዚያ ደብተሩን ገለበጠውና የታችኛውን ጥግ አሳየኝ። "ይህ ጥግ ስታገኚው እንዲህ ነበር?"

አልነበረም። ጨርቁ የአውራ ጣት ያህል ተገሽልጧል። ከሥሩ ያለው ካርቶን ርሶ አብጧል። ካርቶኑ ላይ ተራ የያዙ ትንንሽ ጉድጓዶች ይታያሉ።

"ጥርስ ነው" አልኩ። በአማርኛ ነው ያልኩት። ፖል ቃሉን ባይሰማም ፊቴን አይቶ ስልኩን አነሳ።

እኔ ወደ ቤት ደወልኩ። ይጠራል፣ አይነሳም። ደገምኩ፤ አይነሳም። ፖል በመርዝ ጉዳይ የሚመክር ነፃ መስመር ላይ ኮል አድርጎ ስፒከር ላይ አደረገው። አንዲት ሴት በረጋ ድምፅ "ልጁ ያስመልሰዋል?" ብላ ጠየቀችኝ። "ሰሞኑን፣ አዎ" አልኳት። ድምጿ ፈጠን አለ። "አሁኑኑ ናይን ዋን ዋን ደውይ። አምቡላንስ ቤትሽ ይሂድ። አንቺን መጠበቅ የለባቸውም።"

ደወልኩ። አድራሻውን ስሰጥ የቤታችን ቁጥር ጠፍቶብኝ ፖል ትከሻዬን ያዘኝ። የመኪናዬን ቁልፍ ከእጄ ወስዶ "አንቺ አትነጂም" አለኝ። ደብተሩን ወፍራም ላስቲክ ውስጥ አሽጎ፣ ሱቁን ቆልፎ፣ በራሱ አሮጌ ፒክአፕ ይዞኝ ወጣ።

ፍሪዌዩ ተጨናንቋል። ደጋግሜ እደውላለሁ። ስልኩ በጠራ ቁጥር አንድ ነገር ይታየኛል፤ ናሆም ሶፋው ላይ ተዘርሮ፣ እማማ ወለቴም አጠገቡ ወድቀው። እሳቸውም ነክተውት ቢሆንስ? ብርሃኑ ደወለ፤ ነገርኩት። "እየመጣሁ ነው" ብሎ ዘጋው። ፖል የመኪናውን ጥሩንባ ይነፋል። ሌላ ጊዜ ጥሩንባ የሚነፋ ሰው አይመስልም ነበር።

ቤታችን ስንደርስ የእሳት አደጋ መኪናና አምቡላንስ ቆመዋል፤ ሰዎቹ ግን የቤቱን ቁጥር አሳስቼ ስለሰጠኋቸው ገና መድረሳቸው ነው፤ ደጅ ናቸው። በራችን አልተከፈተም።

"ውስጥ ሰው አለ፣ የልጅ ድምፅ ሰምተናል" አለኝ አንዱ። "አይከፍቱም። ልንሰብረው ነው።"

የቤቱን ቁልፍ ከትቼ በሩን ከፈትኩ። ሳሎኑ ባዶ ነው። ሶፋው ላይ የትውከት እርጥበት አለ። የመታጠቢያ ቤቱ በር ከውስጥ ተቀርቅሯል።

"እማማ! እኔ ነኝ፣ ይክፈቱ!"

ናሆም ሲያቃስት ሰማሁ።

"ሰዎቹ ሄዱ?" አሉ እማማ ወለቴ በሹክሹክታ።

"አልሄዱም፤ ሊረዱት ነው የመጡት።"

"አልሰጣቸውም! ቤተ ክርስቲያን ሴቶቹ ነግረውኛል። ዩኒፎርም የለበሰ ከመጣ ልጅ ሊወስድ ነው ብለውኛል። አንዴ ከወሰዱ አይመልሱም።"

"እማማ፣ በእግዚአብሔር! ልጁ መርዝ በልቷል!"

መቀርቀሪያው ተንቀሳቀሰ።

የገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል። ናሆምን በነጠላቸው ጠቅልለው ደረታቸው ላይ አጥብቀውታል። ከንፈሩ አመድ መስሏል። ዓይኑ ተከፍቷል፤ ግን አያየኝም። ነጠላው ላይ ባስመለሰው ውስጥ አረንጓዴ ፍርፋሪ አየሁ። የአምቡላንሱ ሰውዬ እጁን ሲዘረጋ እማማ ወለቴ እኔን አዩኝ። "ይስጡት" አልኳቸው። ሰጡት። ባዶ እጃቸው ግን ልጁን እንዳቀፈ ተጠማዞ ቀረ።

ሆስፒታል እንደደረስን ፖል የታሸገውን ደብተር ለነርሷ አስረከበና ደጅ ቀረ። ናሆምን ራጅ አነሱት። ዶክተሯ ወጣት ናት፤ ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዙራ አሳየችኝ። የልጄ ትንሽ ሆድ ውስጥ እንደ ጨው የተበተኑ ነጫጭ ነጥቦች አሉ።

"እነዚህ ናቸው" አለች። "አርሴኒክ ራጅ ላይ እንዲህ ነጭ ሆኖ ይታያል። አሁን የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ መቼ ነው የዋጠው? ምን ያህል? ዛሬ ብቻ ነው ወይስ ከዚህ በፊትም? የደም ሥሩ ውስጥ ከገባ ልቡን ሊያዛባው ይችላል። ገና ሆዱ ውስጥ ከሆነ ግን እናጥበዋለን።"

"አላውቅም" አልኩ። "ሥራ ነው የምውለው።"

ሁላችንም ወደ እማማ ወለቴ ዞርን። ጥግ ላይ ቆመው መሬት መሬት ያያሉ። በዚህ መሃል ባጅ ያንጠለጠለ ሰው ገባ፤ የሆስፒታሉ ሶሻል ወርከር፣ የልጆችን ደህንነት የሚከታተል ሠራተኛ ነው። ልጅ ተመርዞ ሲመጣ እሱም ይጠራል። እማማ ወለቴ ባጁን ሲያዩ ግድግዳው ላይ ተለጠፉ።

"እኔ ላስተርጉም" አልኩ።

"አይሆንም" አለች ዶክተሯ በለሰለሰ ድምፅ። "አንቺ ዛሬ እናቱ ብቻ ሁኚ።"

ስልክ ደውለው ስፒከሩን አበሩት። የሴት ድምፅ ነው፤ ጥርት ያለ አማርኛ። "ጤና ይስጥልኝ። አስተርጓሚ ነኝ። የሚባለውን ሁሉ ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ እተረጉማለሁ። የምሰማው ሁሉ ምስጢር ነው። እናቴ፣ ይሰሙኛል?"

"እሰማሻለሁ" አሉ እማማ ወለቴ። ከዚያ ወደ እኔ ተጠግተው ጆሮዬ ሥር "ብናገር ይወስዱታል?" አሉኝ።

እኔም ፈርቻለሁ። ስለሚወሰዱ ልጆች ስንት ወሬ ሰምቻለሁ፤ ያ ባጅ ያለው ሰውዬ ብዕሩን ይዞ ቆሟል። የልጄ ልብ ደግሞ መስኮቱ ሥር ባለው ሞኒተር ላይ ቲክ ቲክ ይላል። "እማማ፣ ይናገሩ" አልኩ። "የሆነው ይሁን፤ ሁሉንም ይናገሩ።"

እማማ ወለቴ ዓይናቸውን ስልኩ ላይ ተክለው ጀመሩ።

"ጠዋት እሷ ስትወጣ ልጁ ያለቅሳል። የሚያጫውተውን አላውቅም፣ ቴሌቪዥኑን ማብራት አላውቅም። አንድ ቀን ያ አረንጓዴ ደብተር ላይ ያሉትን ወፎች አሳየሁት፣ ዝም አለ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ አጠገቤ አስቀምጬ እገልጥለታለሁ። ጥጉን ይጠባ ነበር። ልጅ ነው፣ ያገኘውን ይጠባል ብዬ ተውኩት። ሳምንታት ሆነው።"

በየመሃሉ ቆም ሲሉ አስተርጓሚዋ በእንግሊዝኛ ትከተላለች። እሳቸው "እኔ" ያሉትን እሷም "እኔ" እያለች ነው የምትናገረው። ሁሉንም ነገር ሁለት ጊዜ ሰማሁት፤ ሁለት ጊዜም ወጋኝ።

"ዛሬ ጠዋት እሷ ስትታጠብ ጨርቁን በጥርሱ ገሸለጠው። ጣቴን ከትቼ ጥቂት አወጣሁ፤ ሌላውን ዋጠው። ደብተሩን የተቀደደውን ጥግ ወደ ግድግዳ አዙሬ መለስኩት። ደብተሩ ለእሷ ብርቅ ነው፣ ስታነበው አያታለሁ። አበላሹብኝ ብላ ወደ አገሬ እንዳትመልሰኝ ፈራሁ። መርዝ መሆኑን አላወቅኩም፣ በማርያም አላወቅኩም። ጥፋቱ የእኔ ነው። እሷ ምንም አታውቅም። የሚታሰር ካለ እኔን እሰሩኝ። ልጁን ግን ከእናቱ አትለዩብኝ።"

በስልኩ የአስተርጓሚዋ ትንፋሽ ተሰማኝ። ከዚያ ያንን ሁሉ፣ አንድ ቃል ሳትዘል፣ እስከ መጨረሻው ተረጎመችው።

ለአንድ አፍታ እማማ ወለቴን ጠላኋቸው። እውነቴን ነው። ወዲያው ደግሞ እኚህ ሴት ከልጄ ጋር ያሳለፉት ረጅም ቀን ታየኝ፤ ከማንም ጋር ሳያወሩ፣ የወረቀት ወፍ እየገለጡ።

ዶክተሯ ወደ እሳቸው ሄዳ እጃቸውን ያዘች። "ጠዋት ከሆነ አብዛኛው ገና ሆዱ ውስጥ ነው። አሁኑኑ እናጥባለን። ሳምንታት ከቆየ ደግሞ የላብራቶሪውን ውጤት ሳልጠብቅ መድኃኒቱን እጀምራለሁ። ይህን ባይነግሩኝ እጠብቅ ነበር።" አስተርጓሚዋ ተረጎመች። ሶሻል ወርከሩ "ማንም አይታሰርም" ብሎ ጨመረ፤ እሱም ተተረጎመ። እማማ ወለቴ ግን አላመኑም።

በአፍንጫው ቱቦ አስገቡ። መድኃኒቱ የገማ እንቁላል ይሸታል። ብርሃኑ ከሬድመንድ ሲመጣ የሐይቁ ድልድይ ላይ መንገድ ተዘግቶበት ቆይቶ ገና መግባቱ ነበር፤ ሞኒተሩ በድንገት ጮኸ። የልቡ መስመር ተዘበራረቀ። ነርሶች እየሮጡ ገቡ፣ አንዷ እኛን ወደ ኮሪደሩ ገፋችን፣ በሩ ተዘጋ።

ያን ጊዜ ትዝ ያለኝን ልንገራችሁ። በሃሪየት ደብተር መጨረሻ አካባቢ ግጥሙና የሳሙናው አሠራር ይቀራል። የሕፃን ሆድ ቁርጠት መድኃኒት፣ የትውከት ማስታገሻ፣ እንደገና ሌላ የትውከት ማስታገሻ ይጀምራል። ሚስ ሩት እንደነገሩኝ ክላራ የምትባል፣ በሕፃንነቷ የሞተች ልጅ ነበረቻት። ከዚያ ገጹ ሁሉ ጸሎት ይሆናል። ከዚያ ባዶ ነው። ሚስ ሩት እዚያ ስንደርስ ሁልጊዜ "ይብቃን" ይሉኝ ነበር፤ ክላራ በምን እንደሞተች የሚያውቅ የለም። በሽታ ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ኮሪደሩ ላይ ሆኜ የታየኝ አንድ ነገር ነው፤ ሃሪየት በአንድ ክንዷ ልጇን አቅፋ፣ በሌላው እጇ ያንን አረንጓዴ ደብተር ይዛ መድኃኒት ስትፈልግበት። መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ብርሃኑ "ማነው የሰጠው? ማነው?" ይላል። እናቱ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ቀደምኳቸው። "ማንም አላወቀም" አልኩት። "አሁን አትጠይቅ።" እማማ ወለቴ መሬት ላይ አጠገቤ ተቀመጡ። እጄን ያዙት። ካወቅኳቸው ጀምሮ የመጀመሪያቸው ነበር።

በሩ መቼ እንደተከፈተ አላውቅም። ዶክተሯ ግንባሯ ላይ ላብ አለ። "ተመልሷል። ልቡ ሥርዓቱን ይዟል" አለች።

በማግስቱ ሁለተኛ ራጅ ተነሳ። ነጥቦቹ የሉም። ከሰዓት በኋላ ነርሷ ያንን የሚሸት መድኃኒት ይዛ ስትመጣ ናሆም ፊቱን አዙሮ "ኖ! ያኪ!" ብሎ ጮኸ። እማማ ወለቴ "ምን አለ?" አሉ። "አልፈልግም፣ ያስጠላል አለ" አልኳቸው። ተንበርክከው መሬቱን ሳሙ። ነርሷ ምን ሆኑ ብላ ደነገጠች።

ቀናት ተኝቶ ወጣን። የሕፃናት ጥበቃ ሰዎች ቤታችን መጡ። እማማ ወለቴ በሩን ራሳቸው ከፈቱላቸው። ቤቱን አዩ፣ ጠየቁ፣ ፋይሉን ዘግተው ሄዱ። ደብተሩ ተመርምሮ ፖል እንደጠረጠረው ሆነ፤ አሁን እንዲህ ያሉ ነገሮችን በጥንቃቄ በሚይዝ ቤተ መጻሕፍት ታሽጎ ተቀምጧል። ለሚስ ሩት ሄጄ ስነግራቸው የጠየቁኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። "ልጁ ይበላል?"

ይበላል። ዛሬ ጎረምሳ ሊሆን ነው፤ ምንም አያስታውስም።

እኔ ግን ከዚያ ወዲያ እንደ ድሮዬ አልሆንኩም። አንባቢዎቼ፣ ምክር ለመስጠት አይደለም የጻፍኩት፤ ያረጀ ዕቃ ሁሉ ገዳይ ነው ልላችሁም አይደለም። ሌሊት ሌሊት የሚያባንነኝ መርዙ ሳይሆን ያ የተቀረቀረ በር ነው። በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖርን እኔ እማማን ፈራሁ፤ እማማ እኔን፣ ዩኒፎርሙን፣ አገሩን ፈሩ። የቤታችሁ አዛውንት ቀኑን ሙሉ ከልጃችሁ ጋር ብቻቸውን የሚውሉ ከሆነ ማታ አጠገባቸው ተቀመጡና ምን ሲሠሩ እንደዋሉ ጠይቋቸው። በሩን የሚያንኳኳው ማን ሊሆን እንደሚችልም ንገሯቸው። እኔ አሁን እማማን "እማዬ" ነው የምላቸው። ሲቆጡኝም እንደ ልጃቸው ነው፤ በደንብ።

ሥራዬንም ቀየርኩ። ተምሬ፣ ተፈትኜ የሆስፒታል አስተርጓሚ ሆንኩ። በስልክ ነው የምሠራው፤ ሰዎቹን አላያቸውም፣ እነሱም አያዩኝም። በዚያ ቀን የተረጎመችልንን ሴት ማንነት እስከ ዛሬ አላውቅም።

አንዳንድ ጊዜ በመስመሩ ላይ አንድ አባት ወይም አንዲት እናት አንድ ከባድ ነገር ሊናገሩ ይጀምሩና ያቆማሉ። ሐኪሙ "ሄሎ? መስመሩ ተቋረጠ?" ይላል። እኔ ማባበል፣ አይዞዎት ማለት አልችልም፤ አልተፈቀደልኝም። ለሐኪሙ ግን "አልተቋረጠም፣ እያሰቡ ነው" እላለሁ። ከዚያ እኔም ዝም ብዬ፣ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ፣ እስኪናገሩ እጠብቃቸዋለሁ።